ክርኔ ላይ የቀሩት አውራ ጣቶች

ሲመጡብኝ የሙሽራ ሱሪ እየዘመዘምኩ ነበር። ቡሬ ገበያ ዳር ካለችው የልብስ ስፌት ሱቄ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። ሁለት ነበሩ። አንደኛው ስሜን ከወረቀት ላይ አንብቦ "አንተ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩት። "እጅህን ወደ ኋላ!" አለ። ግራዬን አዞርኩ። ቀኙ ባለበት ቀረ።

"ሁለቱንም!"

"ቀኙ አይዞርም። ተሰብሮ ነው።"

"ትቀልዳለህ?"

በሌላ ጊዜ ቀልድ አይጠፋኝም። ደንበኞቼ ለልብሱ ያህል ለወሬውም ይመጣሉ። ያን ቀን ግን እውነቴን ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ አሳየሁት። ከክርኔ በላይ ጀምሮ ወደ ታች የወረደውን ጠባሳ ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ በሽተኛ መሆኔን ማስረዳቴ ነበር፣ እሱ ያየው ግን ቁስለኛ ነው። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር አዲስ ጠባሳ ያለው ወንድ ሁሉ ከየት እንዳመጣው ይጠየቅ ነበር።

ጠባሳውን ያመጣሁት ከባጃጅ ነው። ከአምስት ሳምንት በፊት ማንኩሳ ለሠርግ የተሰፋ ልብስ ላደርስ ስሄድ ባጃጇ ጥምዝ ላይ ተገለበጠች፤ ልብሱ ተረፈ፣ ቀኝ ክርኔ ከሦስት ቦታ ተሰበረ። ባሕር ዳር ወሰዱኝና በኦፕራሲዮን ብረትና ብሎን አስገቡልኝ። ሐኪሙ ሲሸኘኝ ሦስት ነገር ነግሮኝ ነበር። በራስህ አቅም ቀስ እያልክ አንቀሳቅሰው፤ ማንም በግድ እንዳያጥፍልህ፤ በስድስተኛው ሳምንት ተመለስ። ስፌቱንም አይቼለት ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ እኩል የተራመደ፣ የባለሙያ ስፌት ነው። ልብስ ሰፊ ቀኝ ክንዱ ከሄደ ምን ይቀረዋል? ስለዚህ የነገረኝን እንደ ዱዓ በቃሌ ይዤው ነበር።

ያስገቡኝ ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ድሮ የማዳበሪያ መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ዓይን ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይቧጭራል። በሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ የማዳበሪያው ነጭ ፍሬ እስካሁን አለ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም ከሰው ቁመት በላይ። ከሃያ የሚበልጡ ወንዶች ግድግዳውን ተደግፈው በዝምታ አዩኝ። የት እንደምቀመጥ ሳላውቅ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ብርድ ልብሳቸውን ሰበሰቡና ቦታ ለቀቁልኝ።

"እዚህ ና። ያ ክንድህ በግድግዳው በኩል ይሁን፤ በጨለማ ሰው እንዳይረግጥህ።"

ስለ ክንዴ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ከበሩ እስከ እሳቸው የተራመድኩት ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው።

ስልሳን አልፈዋል። አጭርና ቀጭን ናቸው፤ አውራ ጣቶቻቸው ብቻ የሌላ ሰው ይመስላሉ፣ ሰፊና ጠፍጣፋ። ከማንኩሳ ወዲያ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው ያመጧቸው። የተጠረጠሩበት ነገር ታጣቂዎችን ያክማሉ፣ የተሰበረ አጥንት ይጠግናሉ የሚል ነው። እሳቸውም በተጠየቁ ቁጥር "እኔ ገበሬ ነኝ፤ ከሞፈርና ከቀንበር በቀር የምጠግነው የለም" ይሉ ነበር። ወጌሻ መሆናቸውን ግን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ከእኔ መምጣት በፊት ጣቱ የወለቀ አንድ ሾፌር ነበር፤ ሽማግሌው ስለ ዝናብ እያወሩት ሳያስበው መለሱለት አሉ። ይህ ነገር ከመጋዘኑ በር ውጭ አንድም ቀን አልወጣም። ተስማምተን አይደለም። ማንም ለማንም "እንዳትናገር" አላለም፤ የማይነገር መሆኑን ሁሉም ያውቅ ነበር።

የሐኪም ካርዴን ባለቤቴ ይዛ መጥታ ነበር። "ካርድ ማንም ያጽፋል" ብለው አስቀመጡት። ስድስተኛው ሳምንት እዚያው አለፈ፤ ሰባተኛው ገባ። ክንዴን በሸሚዜ ቁልፎች እለካው ነበር። ስገባ መዳፌ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ጋ ይደርሳል። በሳምንቱ ሦስተኛው ላይ ቆመ። ከዚያ አራተኛው። አፌ እየራቀኝ ሄደ። በግራዬ መብላት ጀመርኩ፤ በቀኝ ብሉ ተብሎ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ በየጉርሻው ያፍራል።

ሽማግሌውን ለመንኳቸው።

"አባቴ፣ እስኪ ይሹልኝ።"

"ምኑን?"

"ክርኔን ነዋ።"

"እኔ ገበሬ ነኝ" አሉና ፈገግ አሉ። እንደገና ስለምናቸው ግን ፈገግታውን ተዉት። "ስማኝ ልጄ። ስብራት አውቃለሁ። ወለምታ አውቃለሁ። ሐኪም ብረት የከተተበትን አላውቅም። የማላውቀውን አልነካም።"

አንድ ሳምንት ሙሉ ለመንኳቸው፤ አንድ ሳምንት እንቢ አሉኝ። ሐኪሙ ያለኝን ረስቼ አልነበረም። ነገር ግን እኛ ዘንድ የደረቀ እጅና እግር ሲታሽ ነው ያየነው፤ ሲያም ነው የሚድነው ብለን ነው ያደግነው። ዝም ብሎ መጠበቅ መሞት መሰለኝ። በመጨረሻ ምላሴ አስቸገረኝ።

"ወይስ የእስላም አጥንት አይታሽም?" አልኳቸው።

ለቀልድ ነበር። ግማሹን ለቀልድ፤ ግማሹን አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሽማግሌው ዓይኔን ትክ ብለው አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና በሩ ሳይከፈት፣ "አምጣ ክንድህን" አሉኝ።

ባለቤቴ ለጸጉሬ ቅባት ብላ የላከችው ቅቤ ነበር፤ በእሱ አሹኝ። ሁለት ሰዎች ተነስተው ብርድ ልብስ የሚያጥፉ መስለው በበሩ ቀዳዳ ፊት ለፊት ይቆሙልን ነበር። አንድ ብርድ ልብስ ሃያ ጊዜ ይታጠፋል። እኔ ሻርፔን እነክሳለሁ። ሽማግሌው አንዱን አውራ ጣት ከክርኔ በውስጥ በኩል፣ ሌላውን በውጭ በኩል አድርገው ይጫኑና ክንዴን ወደ ደረቴ ይገፋሉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቁልፍ አሸነፍን። አለቀስኩ፤ ከሕመሙም ከደስታውም። በአምስተኛው ቀን ክርኔ መጋል ጀመረ። እያበጠ ነው ስላቸው "እንተወው" አሉኝ። እኔ ነኝ "አይተዉ" ያልኩት።

በዘጠነኛው ጠዋት እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። ከክርኔ ፊት ለፊት፣ ከመታጠፊያው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በአውራ ጣታቸው ፈልገው ፈልገው አንድ ቦታ ላይ አረፉ።

"እዚህ ጋ ትናንት ያልነበረ ነገር አለ።"

"እብጠት ነው።"

"እብጠት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ይሄ አይሰረጉድም። አጥንት ነው፤ አጥንት በማይኖርበት ቦታ።" እጃቸውን አነሡና ቅቤውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። "ተሳስቻለሁ ልጄ። አላውቅም ብዬህ ነበር። በአላውቅም መጽናት ነበረብኝ።"

በዕድሜዬ አንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲለኝ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከምሳ በፊት፣ ለምርመራ ጠሩኝ።

መርማሪው ከእኔ የሚያንስ ሰው ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር አልሰማሁትም፤ እንዲያውም ዝግ ሲል ነበር የሚያስፈራው። ከጎኑ አንዲት ነርስ ተቀምጣለች። ሸሚዜን እንዳወልቅ አዘዘኝ። ማውለቁ ጊዜ ወሰደ።

"ይሄ የባጃጅ ነው?"

"የባጃጅ ነው።"

"መቼ?"

ነገርኩት። በጣቱ ቆጠረ።

"ሁለት ወር አልፎታል። ታዲያ ለምን ይግላል? ለምን ያብጣል? ባለፈው ስትመጣ እንዲህ አልነበረም።"

ነርሷ ጓንት አድርጋ ክንዴን ያዘች። እጇ ልምድ ያለው፣ የማይቸኩል እጅ ነው። "ስፌቱ የቆየ ነው" አለች። "እብጠቱ ግን አዲስ ነው። በኃይል ታሽቷል። ይሄ ነገር ቶሎ ሐኪም ካላየው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ አይታጠፍም።" ክንዴን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። በውስጥ በኩል አንድ፣ በውጭ በኩል አንድ፣ ክብ የሆነ የበለዘ ምልክት ነበር። "እዩት፣ የሁለት አውራ ጣት ምልክት እኮ ነው" አለች።

የተናገረችው ምን እንደሚያመጣ የገባት መሰለኝ፤ ጓንቷን እያወለቀች አቀረቀረች።

"ማን አሸህ?" አለኝ መርማሪው።

"ራሴ።"

"በምንህ?"

"በግራዬ።"

"በግራ እጅህ ላይ ስንት አውራ ጣት አለህ?"

መልሴን ሳይጠብቅ ነገሩን እንደ አስተማሪ አስረዳኝ። "ሁለት ነገር ነው ያለው። ወይ ይሄ የጥይት ቁስል ነው፣ ስታሸው የከረምከውም ራስህ ነህ፤ እንዲያ ከሆነ የአንተ ነገር ሌላ ነው። ወይ ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ወጌሻ አለ። ወጌሻ አለ ካልክ ስብራት ነው ያልከውን አምንሃለሁ። ምረጥ።"

የቁስለኛ ነገር "ሌላ ነው" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ከክፍላችን እንዲያ ተብለው ወጥተው ያልተመለሱ ነበሩ። ሦስት ልጆች አሉኝ። የሽማግሌው ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እዋሻለሁ ካላልኩ በቀር ይህን አልክድም። ግን የምን ስም ነው የምሰጠው? የሰው ክንድ ያሸ ሰው ስም? እሱንስ እኔው ለምኜ፣ እኔው በነገር ወግቼ ነው ያሳሸሁት። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል የሚሉት እኔን ሆነ።

"ራሴ ነኝ" አልኩ እንደገና።

መርማሪው ተነሳና ክፍሉ በሙሉ ወደ ግቢው እንዲወጣ አዘዘ። ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ሃያ ምናምን ሰው በአንድ መስመር አሰለፈና ሁሉም እጁን ወደ ፊት እንዲዘረጋ አደረገ። እኔን ከፊታቸው አቆመኝ። ከዳር ጀምሮ አውራ ጣት ማየት ጀመረ። ሾፌር፣ አናጢ፣ መምህር፣ የጤፍ ነጋዴ። ማንም ወደ ሽማግሌው አልዞረም። ያን መስመር ዛሬም ሳስበው የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሃያ ምናምን ሰው ወደ አንድ ቦታ ላለማየት ሲታገል አየሁ። ሽማግሌው ከመጨረሻው አራተኛ ነበሩ። መርማሪው ወደ እሳቸው ሳይደርስ አንድ እርምጃ ወጡ።

"ልጄ፣ ሰውን በከንቱ በፀሐይ አታቃጥል። ያሸሁት እኔ ነኝ።"

መርማሪው ቆመ። እንዲያም ሆኖ አንቱታውን አልተወም። "ገበሬ ነኝ አላሉኝም ነበር?"

"ነኝ። ለገበሬ የሰው ክንድ ማሸት ክልክል ነው?"

ከመስመሩ አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ፤ ወዲያው ዋጠው።

ሁለታችንን ወደ ቢሮው መልሶ አስገባን። ነርሷ ሄዳለች። መርማሪው ተቀምጦ ብዙም ሳይቆይ አንድ ወረቀት ጽፎ ወደ እኔ ገፋው። አነበብኩት። ሁለት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ እኚህ ሰው በእስር ክፍል ውስጥ ክንዴን አሽተውልኛል። ሁለተኛ፣ ታጣቂዎችን ሲያክሙና ሲጠግኑ መኖራቸውን በራሳቸው አንደበት ነግረውኛል።

"ፈርምና ውጣ" አለኝ። "ስብራት መሆኑን አምኛለሁ። ነገ ባሕር ዳር ሐኪምህ ዘንድ ትደርሳለህ። ነርሷ ያለችውን ሰምተሃል።"

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ይህን ለባለቤቴም ነግሬያት አላውቅም። አነሳሁት፤ ጫፉንም ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩት። ክርኔ ይነዝረኝ ነበር፤ ነገ የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

"ፈርም ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተራ ነገር የሚያዙ ይመስል ነበር። "ክንድህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እዳው የእኔ ነው። ፈርምና ክንድህን አድን።"

እሳቸው እንዲህ ባይሉ እፈርም ነበር ብዬ አስባለሁ። አላውቅም። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እውነት ነው፤ ሁለተኛው ውሸት ነው፤ ሁለቱን የሰፋቸው ግን አንድ ክር ነው፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መተው አይቻልም። ሽማግሌው ስለ በሬያቸው፣ ስለ በርበሬ ማሳቸው፣ ስለ ሞተች ሚስታቸው ነግረውኛል። ስለ ታጣቂ አንድ ቀን ተናግረውኝ አያውቁም።

"የመጀመሪያውን ራሳቸው ብለውታል፣ የእኔ ፊርማ አያስፈልገውም" አልኩ። "ሁለተኛውን አልሰማሁም።"

"ሰማህ አልሰማህ ማን ያጣራል?"

"ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልፈርምም።"

"ክንድህስ?"

"ክንዴን አላህ ያውቃል።"

ጀግንነት የመሰለው ካለ አይደለም። ድምፄ ሲወጣ ቀጥኖ ነበር። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ተንከባሎ ወደቀ፤ ላነሳው ብጎነበስም ቀኜ አልደረሰለትም። መርማሪው ራሱ አነሳው። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ውስጥ ከተተ። "እንግዲያው ቁጭ በሉ" አለ፣ ለሁለታችንም።

ወደ መጋዘኑ ስንመለስ ሽማግሌው ተቆጡኝ። እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

"ሞኝ ነህ! ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አንተ ወረቀቱን ለቀህ ሞኝነቱን ያዝክ።"

"አባቴ፣ ውሸት እኮ ነው።"

"ውሸት ስንቱን ሰው ሲያስር ኖሯል፤ አንድ ቀን አንድ ክንድ ቢያድን ምን ነበረበት?"

ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀመጡ፤ የምሳውን እንጀራም አልነኩም። እኔም በግራዬ ጥቂት ቀማምሼ ተውኩት። ከሰዓቱ በጣም ረዘመ። በሩ ሲንኳኳ ሁላችንም ቀና እንላለን፤ የሚመጣው ለእሳቸው ይሁን ለእኔ አናውቅም። ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣ ነበር።

የከሰዓቱ የአሱር ሰላት ሲደርስ ተነሳሁ። ከታሰርኩ ወዲህ ለውዱ ስታጠብ ውኃ የሚያፈስልኝ ያ ጣቱ የወለቀበት ሾፌር ነበር። ጆጉን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ሽማግሌው ቀደሙት። ተከናንበው የቆዩትን ነጠላ ትከሻቸው ላይ ጥለው በሩ ጥግ ካለው ባልዲ አጠገብ ቁጢጥ አሉ።

"ና" አሉኝ።

"አባቴ፣ ይተዉት፣ እርስዎ አይድከሙ…"

"ና ብያለሁ። ከየት ነው የሚጀመረው?"

ነገርኳቸው። መዳፌን አጠብኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ፣ ፊቴን በግራዬ አበስኩ። ቀኝ ክንዴን ስዘረጋ ጆጉን አቆሙ።

"እስከ የት?"

"እስከ ክርን።"

"ክርኑን ጨምሮ ነው ወይስ ክርኑ ጋ ይቆማል?"

"ክርኑን ጨምሮ።"

ውኃውን በቀስታ ለቀቁት። ከዚያ በነፃው እጃቸው፣ አውራ ጣታቸውን ወደ ውስጥ አጥፈው፣ በመዳፋቸው ብቻ ውኃውን ክርኔ ላይ አዳረሱት። ያበጠውን፣ የበለዘውን፣ ጠባሳውን። አላመመኝም። ዘጠኝ ቀን ያሠቃየኝ እጅ ይኸው ነበር። ቀና ብል ፊቴን እንዳያዩት አቀርቅሬ ቆየሁ።

"ደረሰ?" አሉኝ።

"ደርሷል።"

"እንግዲህ ለሁለታችንም ጸልይ። እኔ ዛሬ ተቆጥቻለሁ፤ የእኔን አይሰማም።"

በአራተኛው ቀን ጠዋት ስማቸውን ጠርተው ወሰዷቸው። ወዴት እንደሆነ አልተነገረንም። ብርድ ልብሳቸውን ለእኔ ትተውት ሄዱ። እኔ ሁለት ወር ከአንድ ሳምንት ቆየሁ፤ አንድ ጠዋት "ሂድ" ተባልኩ። ለምን እንደታሰርኩ ያልነገረኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገረኝም።

ዛሬ ቀኝ ክንዴ እንደ ማዕዘን ታጥፎ ቀርቷል፤ አይዘረጋም፣ አይሰበሰብም። ሱቄ አለች። ጨርቁን በግራዬ እየመራሁ፣ በቀኜ እየያዝኩ እሰፋለሁ፤ ድሮ በአንድ ቀን የማደርሰው ሱሪ ሁለት ቀን ይፈጃል። ኮሌታ አልቀበልም። ወደ አፌና ወደ ፊቴ የሚሄደው ግራዬ ነው።

መንገዱ የተከፈተ ሰሞን ባሕር ዳር ወጣሁ። ሌላ ሐኪም ነው ያገኘሁት፣ ወጣት ነው። ራጁን ወደ መብራቱ ይዞ አሳየኝ። ብረቱና ብሎኖቹ በቦታቸው አሉ። ከፊት ለፊት፣ ሥጋ ብቻ መኖር ባለበት፣ ነጭ አጥንት ከላይኛው ክንድ ተነስቶ ወደ ታችኛው ወርዷል፤ ሁለቱን እንደ መቀርቀሪያ ይዟቸዋል። ክርን ከከባድ ስብራትና ከኦፕራሲዮን በኋላ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ አጥንት ያለ ቦታው ይበቅላል አለኝ። አሁን ስለበሰለ በሌላ ኦፕራሲዮን ማውጣት ይቻል ይሆናል ብሎ ቀጠሮ ጻፈልኝ። ከዚያ ካርዱን ስቦ እስክሪብቶውን አዘጋጀ።

"ታሽቶ ነበር?"

"አዎ።"

"ማን ነው ያሸው?"

ልጁ የሕክምና ታሪክ መጻፉ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። እኔ ግን እጁን አየሁ፣ ወረቀቱን አየሁ።

"አላውቀውም" አልኩት።

"ግድ የለም። ማሸቱ አባብሶት ሊሆን ይችላል። ግን የአንተ ስብራት ከባድ ነበር፤ ማንም ባይነካውም ሊበቅል ይችል ነበር።"

ይህን ስሰማ ከራሴ በፊት ያሰብኩት ሽማግሌውን ነው። ይህ ቃል የእሳቸው ነው። እኔ ዘንድ ቢቀመጥ ምን ያደርጋል?

ስመለስ ቡሬን አልፌ ማንኩሳ ወረድኩ። ቤታቸውን እንዴት እንደሚሄዱ በእስር ቤቱ ብዙ ጊዜ ነግረውኝ ነበር፤ ወንዙን ተሻግሮ፣ ከወደቀው ዋርካ በላይ። የማግስቱ ጠዋት ብርድ ነበር፤ ጋቢዬን እስከ አገጬ ተከናንቤ አንድ ሰዓት ያህል ሄድኩ። ደጃፉ ላይ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት የተሰጣ በርበሬ በእግሯ እየገላበጠች ነበር። ግንባሯ የእሳቸው ነው። ሰላምታ ሰጥቼ በስማቸው ጠየቅኋት።

እግሯ አልቆመም። "እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም" አለች።

አልተቀየምኳትም። ከየት እንደመጣሁ አታውቅም፤ ያኔ እኔን ቢጠይቁኝም የምመልሰው ይህንኑ ነበር። የቤቱ በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጡ ጨለማ ነው።

"የሚያውቃቸው ሰው ካገኘሽ አንድ መልእክት አድርሽልኝ" አልኳት። "ከእሳቸው ጋር የታሰረውን ልብስ ሰፊ፣ ሐኪሙ ማንም ባይነካው አጥንቱ ይበቅል ነበር ብሎታል በያቸው።" ሊበቅል ይችል ነበር ነው ያለው። "ይችላል"ን መንገድ ላይ ጣልኳት፤ ለዚህች አላህ አይጠይቀኝም።

"የማላውቀውን ሰው የት አግኝቼ ልንገር?" አለች።

"እሺ እኅቴ። ደህና ዋይ።"

አጥሩን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ ጠራችኝ። ዞርኩ። በርበሬውን ትታ አጥሩ ድረስ መጥታ ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ከበርበሬው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

"ብርድ ነው" አለችኝ። "ቀኝ ክንድህን ደህና አድርገህ ሸፍነው። አሁን ማንም እንዳያሸው።"

ክንድ መሆኑንም፣ የቱ ክንዴ እንደሆነም አልነገርኳትም፤ ሁለቱም እጆቼ ከጋቢው ሥር ነበሩ። እሸፍነዋለሁ አልኳት።